ከጉልበቴ ጋር ይቆጥር የነበረው ግድግዳ

አስቀድሜ አንድ ነገር እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ፣ እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፣ እዚሁ ላሊበላ ተወልጄ እዚሁ ያደግሁ፣ እገሌ ዋሻ ውስጥ ድምፅ ሰማ፣ እገሊት በጠራራ ፀሐይ ነጭ የለበሰ ሰው አየች ሲባል እየሰማሁ የኖርኩ፣ ግን አንዱንም ከቁም ነገር ቆጥሬው የማላውቅ ሴት ነኝ። እንዲያውም ሰው እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀምር "በየት በኩል ቆመሽ ነው ያየሽው? ፀሐይዋ በየት ነበረች?" እያልኩ ስለማደርቃቸው፣ ጎረቤቶቼ እኔ ስደርስ ጨዋታ ይቀይራሉ። ስለዚህ አሁን የማወራችሁን እመኑኝ ብዬ ላስጨንቃችሁ አልፈልግም፣ እኔም ራሴ አምኜው አልጨረስኩም፣ ምናልባት ከእናንተ አንዱ "እሱማ እንዲህ ነው" ብሎ ቢያስረዳኝ ብዬ ነው።

ነገሩ የጀመረው በግራ ጉልበቴ ነው። በጥቅምት ለይምርሐነ ክርስቶስ ንግሥ ሄደን፣ በዓሉ ደምቆ ውሎ፣ በጥዱ መሀል ያለውን ቁልቁለት ስወርድ እግሬ እርጥብ ድንጋይ ላይ ተንሸራተተና ሰውነቴ ወደ አንድ ወገን፣ ጉልበቴ ወደ ሌላ ወገን ዞረ፣ ቀጭ የሚል ድምፅም ሰማሁ፣ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር እንደሚለው። ያን ቀን ሰው ደግፎ አወረደኝ፣ ወለምታ ነው ተባለና ወጌሻ በቅቤ አሸኝ፣ እብጠቱም ጎደለ፣ እኔም ዳንኩ ብዬ ክፍል ገባሁ። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ዞር ስል ጉልበቴ ድንገት ይከዳኛል፣ የሌላ ሰው እግር ይመስል ወደ ጎን ጥሎኝ ይሄዳል፣ አንድ ቀን ተማሪ ፊት ጠረጴዛ ይዤ ባልተርፍ ኖሮ በአፍ ጢሜ ተደፍቼ ነበር።

በመጨረሻ አዲስ አበባ ሄጄ ታየሁ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ረጋ ያለ፣ የጉልበቴን ፎቶ በመብራቱ ላይ ሰቅሎ እያሳየ "ጅማቱ ተበጥሷል፣ እዚህ መሀል ላይ ትራስ የሚሆነው ልም አጥንትም ተቀዷል፣ በቀዶ ጥገና ካልሆነ አይመለስም" አለኝ።

"ከዚያ በኋላ እንደ ልቤ እሄዳለሁ?" አልኩት።

"እሱ በእኔ እጅ ብቻ አይደለም፣ መምህርት። እኔ ጅማቱን እሰፋለሁ፣ ማጠፍና መዘርጋቱ የእርስዎ ሥራ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይምጡ፣ እስከዚያ ግን ጭንዎን ያጠንክሩ። ደካማ ጭን ይዞ የሚገባ ሰው ደካማ ጉልበት ይዞ ነው የሚወጣው።"

በጀርባ ተኝቼ እግሬን ሳላጥፍ ከፍ አድርጌ ይዤ እንድቆይ፣ ቀስ ብዬ እንዳወርድ፣ ፎጣ ጠቅልዬ ከጉልበቴ ስር አድርጌ ወደ ታች እንድጫን አሳየኝና ሸኘኝ። ቤትም አዘጋጂ ተብዬ ነበር፣ የሚያደናቅፍ ምንጣፍ ይነሳ፣ መታጠቢያ ቤት መቀመጫ ይግባ፣ ደረጃ የሌለበት ክፍል አልጋ ይዘርጋ።

እዚህ ላይ ስለ ቤታችን ልንገራችሁ። ባሌ መሪጌታ ናቸው፣ ዜማ ያስተምራሉ፣ አንቱ ነው የምላቸው፣ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል፣ ምን ላድርግ፣ ስንጋባ እሳቸው መሪጌታ እኔ ገና የኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ፣ አፌ በዚያው ለመደ። ቤቱ የአባታቸው ነው፣ ዳገቱ ላይ ተለጥፎ የተሠራ፣ መኝታችን ላይኛው ፎቅ፣ ሳሎኑና ጓዳው ታች፣ ጓዳው ብቻ ከፎቁ ወጣ ብሎ የራሱ ቆርቆሮ አለው። የጓዳው የኋላ ግድግዳ ታዲያ ግንብ አይደለም፣ ራሱ አለቱ ነው፣ ጠርበው አስተካክለው ኖራ ቀብተውታል። ከዚያ ወዲያ ኮረብታው ነው፣ ቤት የለም፣ መንገድ የለም፣ ዋሻም የለም።

አልጋው እዚያ ጓዳ ይግባልኝ ስል መሪጌታን ቅር አላቸው።

"እዚያ እርጥበት አለው ብርቄ፣ ሳሎን አይሻልም?"

"ሳሎን እንግዳ ይገባል ይወጣል፣ እግሬን ሰቅዬ ማንን ላስተናግድ?"

አልጋውን ገፍተው አስገቡልኝ፣ ራስጌውን ከአለቱ አስጠግተው።

እና ከትምህርት ቤት መልስ፣ ቀኑ ገና ሳይጨልም፣ እዚያ አልጋ ላይ ተጋድሜ እግሬን እያነሳሁ እያወረድኩ እቆጥራለሁ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሥራዬም መቁጠር አይደል። መጀመሪያ የሰማሁትን ቀን በትክክል አላስታውሰውም፣ ምክንያቱም ስሰማው እንደሰማሁ አላወቅኩም፣ ልክ ቤት ውስጥ የኖረ ሰዓት እንደሚመታው፣ ጆሮዬ ለምዶት ነው ያገኘሁት። እግሬን ባነሳሁ ቁጥር ከራስጌዬ በኩል ከአለቱ ውስጥ "ጠቅ" ይላል። ድንጋይ ድንጋይን ቀስ ብሎ ሲነካ። አንድ ስል ጠቅ፣ ሁለት ስል ጠቅ።

እንግዲህ ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ይሆናል፣ እኔ እመኑኝ ደስ ነው ያለኝ፣ የገደል ማሚቶ መሰለኝ፣ ድምፄ ኖራውን መትቶ ሲመለስ እንዲህ የሚያሰማ፣ ነገ ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ማሚቶ ከሆነ ዝም ስል ዝም ማለት አለበት ብዬ አፌን ዘጋሁና በሆዴ እየቆጠርኩ እግሬን አነሳሁ። ጠቅ አለ። ይኼኔ እንግዲያው አልጋው ነው አልኩ፣ እግሬ ሲነሳ ወገቤ ይጫናል፣ የአልጋው እንጨት አለቱን ይነካል። ተነስቼ አልጋውን አንድ ክንድ ያህል ሳብኩት፣ ተመልሼ ተጋደምኩ፣ አነሳሁ። ጠቅ።

እግሬን ለማንሳት አሰብኩና ተውኩት። ዝም። ቶሎ ቶሎ አነሳሁ፣ ቶሎ ቶሎ ተከተለኝ። ከፍ አድርጌ ይዤ ቆየሁ፣ ጭኔ እየተንቀጠቀጠ፣ እሱም ዝም ብሎ ጠበቀኝ፣ ሳወርደው ነው አንዴ ለስለስ ያለ ነገር ያሰማው፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ "ጎሽ" የሚል ሰው ጠረጴዛ ነካ እንደሚያደርገው።

ያን ማታ እራት ላይ ለመሪጌታ ነገርኳቸው። እሳቸው ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሰው ስለሆኑ በእንዲህ ያለ ነገር የሚደነግጡ እንዳይመስላችሁ፣ ከኔ ይብሳሉ፣ መንፈስ ምናምን የሚል ሰው ሲመጣባቸው "በጾም በልተህ ተኝተህ ይሆናል" ብለው የሚያባርሩ ናቸው።

"አይጥ ናት" አሉኝ እንጀራውን እየቆረሱ።

"አይጥ መቁጠር ታውቃለች?"

"አንቺ ስትቆጥሪ ሰምታ ይሆናል። አስተማሪ ቤት አይደል ያለችው?"

ሳቅን። ግን በማግስቱ ልብ ብዬ ሳይ፣ አልጋው ከአለቱ የበለጠ ርቆ ነበር። እኔ አልነካሁትም፣ እሳቸውንም አልጠየቅኳቸውም።

ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ አዲስ አበባ ወረድኩ፣ ቀዶ ጥገናው ደረሰ። ከወገብ በታች ብቻ ነው ያደነዘዙኝ፣ አእምሮዬ ንቁ ነው፣ በሆዴ በኩል አረንጓዴ ጨርቅ ጋርደው እግሬን ከለሉብኝ። ጣሪያውን እያየሁ ተጋድሜ ሳለሁ፣ ከአልጋው ስር ያ ድምፅ መጣ። ጠቅ። ትንሽ ቆይቶ፣ ጠቅ። መጀመሪያ ምንም አልደነገጥኩም፣ ጉልበት ሲሠራ መዶሻ መሳይ ነገር እንዳለ ሰምቼ ነበርና፣ አጠገቤ ለቆመችው ነርስ "ዶክተር መምታት ጀመረ ማለት ነው?" አልኳት።

ጎንበስ ብላ አየችኝ። "ኧረ ገና እጃቸውን እየታጠቡ ነው፣ እናቴ። ምን ሰሙ?"

"ምንም" አልኳት። ምን ልበላት? ላስታ ያለ የጓዳዬ ግድግዳ ተከትሎኝ መጣ ልበል?

ቀዶ ጥገናው ደህና አለቀ። ሰንብቼ በአውሮፕላን ተመለስኩ፣ ጉልበቴ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ሁለት ክራንች ይዤ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ያመጣን ሾፌር በየጉድጓዱ "ይቅርታ ቲቸር፣ ይቅርታ ቲቸር" እያለ። ጓዳዬ ገባሁ፣ አልጋዬ ላይ ተጋደምኩ፣ መሪጌታ ወጣ እስኪሉ ጠበቅኩና፣ አትሳቁብኝ፣ ጆሮዬን ወደ አለቱ አዞርኩ። ዝም። እግሬን እንደምንም አንቀሳቀስኩ። ዝም። ቀናት ሄዱ፣ ምንም የለም፣ እና ልንገራችሁ፣ ቅር አለኝ፣ ለካ ሰው ምንነቱን የማያውቀውም ነገር ይናፍቃል።

ከዚያ ይልቅ ያስጨነቀኝ ጉልበቴ ነበር። አልታጠፍ አለ። ተረከዜን አልጋው ላይ ወደ ራሴ ስስብ አንድ ቦታ ሲደርስ በር እንደተዘጋበት ቀጥ ይላል፣ ከዚያ በላይ ስገፋው ዓይኔ ይጨልማል። የትምህርት ቤቱን ትልቁን የሰሌዳ ፕሮትራክተር መሪጌታ አምጥተውልኝ ነበር፣ በየቀኑ ከጭኔ ጎን ይዤ እለካለሁ፣ ልጆቹን ስለ ዘጠና ዲግሪ ሳስተምር የኖርኩ ሴት የራሴ ጉልበት ዘጠና ሊሞላልኝ አልቻለም። በረዶ የሆነ የውሃ ጠርሙስ ከሆቴል ይመጣልኛል፣ ጉልበቴ ላይ አደርገዋለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ ደግሞ እለካለሁ፣ እዚያው ነው።

ሐኪሙ በስልክ አልሸሸገኝም። "መምህርት፣ ውስጡ ጠባሳ እየያዘ ነው። ለቀጠሮው ሲመጡ ዘጠና ካልሞላ አስተኝተን በጉልበት ማጠፍ ሊኖርብን ነው፣ እሱ ደግሞ አዲሱን ጅማት ሊጎዳው ይችላል።"

"ባይታጠፍስ? እንዲሁ ቢቀር?"

"ደረጃ መውጣት ይቸግርዎታል።"

ላሊበላ ለሚኖር ሰው ይህን መንገር ምን ማለት እንደሆነ እሱ አያውቅም። ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤቱ ደረጃ ነው፣ እስከ ገበያው ደረጃ ነው፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁልም ሽቅብም ደረጃ ነው። ስልኩን ዘግቼ ፊቴን ወደ አለቱ አዞርኩና ተኛሁ።

እንግዲህ የዚያች ቀን ነገር። ፍልሰታ ነበር፣ መሪጌታ በቀትር ለቅዳሴ ወጡ፣ እንደ ሁልጊዜው በሩን ከውጭ ቆለፉና ቁልፉን ለጎረቤታችን ለእትዬ ውዴ ሰጡ፣ ሽንት ቤት እንኳ የምታደርሰኝ እሷ ነበረች። እትዬ ውዴ ትልቅ ሰው ናት፣ ከመሪጌታ አባት ጊዜ ጀምሮ እዚያው አጠገባችን የኖረች፣ "ዝናቡ ሳይበረታ ምሳሽን አመጣለሁ" ብላኝ ነበር። ዝናቡ ግን ወዲያው ዶፍ ሆነ፣ ከዚያ በረዶ ተቀላቀለበት፣ የቆርቆሮው ጩኸት ራሴን አላሰማ አለኝ፣ መብራትም ጠፋ። ጓዳዋ መስኮቷ ትንሽ ስለሆነች እኩለ ቀን ላይ ምሽት መሰለ።

ጠርሙሱ ከአልጋው ግርጌ ወድቆ ነበር። ላነሳው ብዬ በአንድ ክራንች ተደግፌ ጎንበስ ስል የክራንቹ ጫፍ ሸሸኝና ወደቅኩ። በጎኔ። ክራንቹ ተንሸራቶ አልጋው ስር ገባ፣ ጉልበቴ ውስጥ እሳት ነደደ፣ ጅማቱ ተበጠሰ ብዬ ነው ያሰብኩት፣ ያ ሁሉ ልፋት፣ ያ ሁሉ መንገድ። "እትዬ ውዴ!" ብዬ ጮህኩ፣ ደግሜ ጮህኩ፣ የቆርቆሮው ጩኸት ዋጠው። በእጄ ተንፏቅቄ አልጋውን ልይዝ ሞከርኩ፣ አልደርስ አልኩ፣ ሲሚንቶው ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ተስፋ ቆርጬ ጉንጬን መሬት ላይ አሳረፍኩ።

ጠቅ አለ።

ከአለቱ አይደለም። ከወለሉ ነው፣ ከራሴ አጠገብ፣ ክንዴን ብዘረጋ የምነካው ያህል ቅርብ። በዚያ የበረዶ ጩኸት ውስጥ እንዴት እንደሰማሁት አትጠይቁኝ፣ ጉንጬ ወለሉ ላይ ስለነበር በአጥንቴ ነው የሰማሁት ይመስለኛል። ቀና ብዬ አላየሁም። ለምን አላየሽም ትሉኝ ይሆናል፣ እኔ ሁሉን ካላየሁ የምል ሴት፣ አላውቅም፣ ብቻ አሁን ካየሁ ይሄዳል የሚል ነገር መጣብኝ፣ እና እንዲሄድ አልፈለግኩም።

ጠቅ። ከዚያ ደግሞ ድምፅ፣ የሰው ድምፅ፣ የወንድ ይሁን የሴት መለየት ያልቻልኩት፣ ያረጀ፣ የማይቸኩል።

"በይ።"

ይኸው ነው። በይ። ሰው ልጁን ከእንቅልፍ ሲቀሰቅስ እንደሚለው። ክንዴን ተመርኩዤ ተነሳሁ። ጠቅ፣ "በይ"፣ መቀመጫዬ ላይ ዞርኩ። ጠቅ፣ "በይ"፣ ጀርባዬን ለአልጋው ሰጠሁ፣ በሁለት ክንዴ የአልጋውን ጠርዝ ያዝኩ። ቀጥሎ የሚመጣውን አውቄዋለሁ፣ ቀኜ ብቻውን አያነሳኝም፣ ለመነሳት ግራ እግሬንም ከስሬ ማጠፍ አለብኝ፣ ሌላ መላ የለም፣ እኔም "አልችልም" አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ አጠገቤ ላለ ሰው እንደምናገረው። "አይታጠፍም፣ አልችልም።"

ዝም አለ። በረዶው ብቻ። ትንፋሽ የሰማሁ መሰለኝ፣ ግን በእሱ ላይ አልምልም፣ የራሴም ሊሆን ይችላል። ከዚያ ጠቅ አለ፣ ከበፊቱ ጠንከር ብሎ፣ በትክክል ከግራ ተረከዜ አጠገብ፣ ወለሉ ሲነዝር ቆዳዬ ላይ ተሰማኝ፣ እኔም ጥርሴን ነክሼ እግሬን ሳብኩት። የሆነ ነገር ውስጤ ተቀደደ፣ የተጣበቀ አቡጀዴ ሲላቀቅ የሚያሰማውን አሰማ፣ ጮህኩ፣ ግን በጩኸቱ መሀል ተነሳሁና አልጋው ላይ ነበርኩ።

እዚያ ተጋድሜ ስንቀጠቀጥ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። በረዶው ወደ ዝናብ፣ ዝናቡ ወደ ካፊያ ሲለወጥ በመስኮቷ ብርሃን ገባ፣ ያኔ ነው ወለሉን ያየሁት። እርጥብ ዱካ ነበር። የባዶ እግር፣ የቀኝ እግር ብቻ፣ ጣቶቹ አንድ በአንድ የሚታዩ፣ ከጎኑ የግራ እግር መሆን ሲገባው ክብ እርጥብ ምልክት፣ የዘንግ ጫፍ የሚያህል። እግር፣ ክብ፣ እግር፣ ክብ። ከአለቱ ግድግዳ ስር ይነሳል፣ እኔ ወድቄ የነበርኩበት ድረስ ይመጣል። ተመልሶ የሄደ የለም። ከበሩ በኩል የመጣም የለም። ውሃው ደግሞ ንጹሕ አልነበረም፣ አለት ሲጠረብ የሚወጣው ቀይ ዱቄት የተቀላቀለበት ነው።

ተረጋጊ ብርቄ አልኩ ለራሴ፣ የራስሽ ነው። ግን እኔ ካልሲ አድርጌ ነበር፣ ካልሲዬም ደረቅ ነው፣ የክራንቼ ጎማ ደግሞ ከዚያ ክብ ይሰፋል። ጣሪያው አፍስሶ ነው አልኩ፣ ቀና ብዬ አየሁ፣ ደረቅ ነው። ስልኬ ሳሎን ነበር፣ ፎቶ እንኳ እንዳላነሳ። ተጋድሜ ዝም ብዬ አየሁት፣ ጠርዙ እየደረቀ ሲጠብ፣ ያን ያህል ነገር በትኩረት ተመልክቼ አላውቅም።

ቁልፉ ሲዞር ሰማሁ። መሪጌታ ነበሩ፣ ነጠላቸው ከላያቸው ላይ ተጣብቆ፣ ከኋላቸው እትዬ ውዴ ሳህን በፌስታል ጠቅልላ። መሪጌታ በሩ ላይ ቆሙ። እኔን ሳይሆን መጀመሪያ ወለሉን ነው ያዩት። ይህን በደንብ አስተውያለሁ፣ እመኑኝ፣ መጀመሪያ ወለሉን።

"ወደቅኩ" አልኳቸው።

"ተጎዳሽ?"

"አላውቅም። ሰው ነበር።"

ቀረብ አሉ፣ በርከክ ብለው አንዱን ዱካ በጣታቸው ነኩ፣ ጣታቸውን አሸተቱ፣ ከዚያ የተላበሱትን ነጠላ ገፈው፣ የቅዳሴ ነጠላቸውን፣ ወለሉን ከአለቱ ጀምረው እስከ አልጋው ድረስ ጠረጉት።

"ምነው ጠረጉት?" አልኳቸው፣ ተናድጄ። "ልለካው ነበር እኮ!"

"እርጥብ ወለል ላይ ደግመሽ ልትወድቂ ነው?" አሉኝ። ምን ይመለስለታል? ትክክል ናቸው።

በማግስቱ ጉልበቴ እንደ ቅል አብጦ ነበር፣ ግን ሳጥፈው ታጠፈ። ፕሮትራክተሩን አስጠጋሁ፣ ዘጠናን አልፏል። ለሐኪሙ ደወልኩ፣ የያዘው ጠባሳ ተላቅቆ ነው፣ ዕድለኛ ነዎት፣ እንዲህ ሲወድቁ ጅማቱም ሊሄድ ይችል ነበር አለኝ። ስለ ሌላው ነገር በዘወርዋራ ጠየቅኩት፣ የሰጠኝ ማስታገሻ የሌለ ድምፅ ያሰማል ወይ ብዬ።

"አንዳንዱን ሰው ያቃዠዋል፣ አዎ። እየወሰዱ ነው?"

"ከተውኩት ቆየሁ።"

"እንግዲያው ድንጋጤ ይሆናል" አለኝ። ይሆናል። እኔም ብዙ ቀን ድንጋጤ ነው እያልኩ ለራሴ ነገርኩት፣ ድንጋጤ ግን ወለል ያረጥባል እንዴ?

እትዬ ውዴን አንድ ቀን እግሬን እያሸችልኝ ሳለች፣ እንደ ዋዛ ስለ ዱካው አነሳሁባት። የጠበቅኩት "በስመ አብ" እንድትል ነበር። እሷ ግን እጇ ቆመና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"ቀኝ ነበር ግራ?"

"ቀኝ።"

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ዘንድሮ ባቄላው በበረዶ እንደተመታ ማውራት ጀመረች፣ ወደዚያ ወሬ ልመልሳት ብዬ ያላደረግኩት የለም፣ አንዴ "ለምን ጠየቅሽኝ?" ስላት "ምኑን?" አለችኝ፣ ዓይኔን እያየች።

መስከረም ላይ በአንድ ክራንች፣ ከዚያ ያለ ክራንች ክፍል ገባሁ። ደረጃውን እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ፣ አሁን ለተከታታይ ክፍለ ጊዜ ቆሜ አስተምራለሁ። አልጋዬ ወደ ላይኛው ፎቅ ተመለሰ፣ ጓዳው እህል ማስቀመጫ ሆነ። ድምፁን ብዙ ጊዜ ሞከርኩት፣ አልደብቃችሁም፣ መሪጌታ በሌሉበት ወርጄ ማዳበሪያዎቹ መሀል ተጋድሜ እግሬን አነሳለሁ፣ እንደ እብድ፣ መልስ የለም። ምንድነህ ብዬ አንዴ እንኳ ብጠይቀው ኖሮ እያልኩ ይቆጨኛል።

ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ቀደም ብዬ ተመለስኩ፣ ስብሰባ ቀርቶ። ቤቱ ዝም ብሏል። የጓዳው በር ገርበብ ብሎ ነበርና ገፋ አደረግኩት፣ መሪጌታ ከአለቱ ጋር ተጠግተው ቆመዋል፣ ጆሯቸውን ኖራው ላይ ለጥፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ዜማ ሲያጣሩ የሚያደርጉት አኳኋን ነው።

"መሪጌታ?" አልኳቸው።

ጣታቸውን አነሱ፣ ቆይ ለማለት። ቆየሁ። ያኔ እኔም ሰማሁት። ጠቅ።

ልቤ ዘለለ፣ እመኑኝ በደስታ፣ "አላልኩዎትም! ይኸው! አይጥ ናት ሲሉኝ!" ልላቸው አፌን ስከፍት፣ ፊታቸውን አየሁና ዘጋሁት።

"ተመለሰ?" አልኩ ቀስ ብዬ።

"ከጀመረ ቆየ" አሉ። ከአለቱ አልተላቀቁም። "ግን ያንቺ አይደለም ብርቄ። ያንቺ ፈጠን ያለ ነበር።"

"የኔን መቼ ሰሙት?"

አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ። እኔም ማዳበሪያዎቹን ተሻግሬ ሄድኩና ከጎናቸው ጆሮዬን ለጠፍኩ። አለቱ ይቀዘቅዛል። እሳቸው እውነታቸውን ነው፣ የኔ አይደለም፣ የኔ እግሬን ይከተል ነበር፣ ይኼኛው ማንንም አይከተልም፣ ራሱ ይጀምራል። አንዴ ጠቅ ይላል፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ፣ ወለል ላይ የወደቀ ሰው እስኪነሳ የሚጠብቅ ይመስል። ደግሞ ጠቅ ይላል። ደግሞ ይጠብቃል።

እኛ ሁለታችንም ቆመናል፣ ደህና ነን፣ ጉልበታችን ደህና ነው። ማንን እንደሚያስነሳ ነው ያልገባኝ።